ዘጠኝ ሜትር

ጽጌሬዳ ስትናደድ ድምፅዋ ሸዋ በር ድረስ ይሰማል ይሉኛል። ሱቄ ራሱ ሸዋ በር ነው እኮ! ከሚኒባስ ረዳቶቹ ጩኸት በላይ ካልጮህኩ ማን ይሰማኛል? የሠርግ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ኤልሳዕ ደግሞ ድሮን ያበርራል፤ እሱ ከላይ ይቀርጻል፣ እኔ ቆርጬ እቀጥላለሁ። አሁን ይህን የማወራችሁ ንዴቴ በርዶልኝ እንዳይመስላችሁ። አልበረደልኝም።

ነገሩ የመጣው በአሽረፍ ሠርግ ነው። የአሽረፍ ቤተሰቦች ቤት በአሮጌው የሐረር ግንብ ውስጥ፣ ጀጎል ነው፤ ግቢያቸው ከጎረቤታቸው ከአው ዐብዱረዛቅ ግቢ ጋር በአንድ ግንብ ይዋሰናል። ከላይ ለሚያይ ሰው ያው ኖራ የተቀባ ግንብ፣ ያው ቆርቆሮ፣ ያው ጠባብ መንገድ ስለሆነ የማን ግቢ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ደንበኞቻችን ደግሞ ቁጥር ይወዳሉ። ድሮኑ ሲበር ከፍታው፣ ፍጥነቱና ሰዓቱ በስክሪኑ ጥግ እየተቀያየረ ካልታየ ድሮን የተቀጠረላቸው አይመስላቸውም። ስለዚህ በሁሉም ሠርግ ላይ እለጥፈዋለሁ። ቁጥሩን ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ይኖራል ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ቪዲዮውን ባስረከብን በሦስተኛው ቀን የአሽረፍ ጓደኞች አራት ሰከንድ ብቻ ቆርጠው ከስልክ ወደ ስልክ አዞሩት። አራት ሰከንድ! አንዲት ልጅ ግቢዋ ውስጥ ፀጉሯን ታጥባ፣ ሻሽ ሳታደርግ ቆማለች። ወደ ላይ ቀና ትላለች። ጥርሷ ይታያል፣ እጇን ታነሳለች። ጥግ ላይ ደግሞ የኔው ጽሑፍ አለ፦ «ከፍታ 9 ሜ»።

ልጅቱ የሠርገኛው ቤት ሰው አልነበረችም። ከግንቡ ወዲያ ያለችው የአው ዐብዱረዛቅ ልጅ ናዝራ ነበረች። ያንን ቁራጭ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ኤልሳዕ ለብቻው ቆርጦ አምጥቶ «የሙሽራው እህት ናት፣ ፈቅዳለች» ሲለኝ አመንኩት። ምን ላድርግ፣ ወንድሜ ነው! ደግሞ ምስሉ ያምር ነበር፤ ፈጣሪ ይይልኝ፣ ማማሩንም አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ዳኛ ሆነ። ዘጠኝ ሜትር ማለት የመብራት ምሰሶ ቁመት ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ያለ ድሮን ደንቆሮ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ሰምታዋለች አሉ። ከሰማች ለምን አልገባችም? ስላልገባች ፈልጋ ነው። ጥርሷ ከታየ ስቃለት ነው፤ እጇን ካነሳች ሰላም ብላው ነው። እንዲህ እንዲህ እያሉ ልጅቱን በአራት ሰከንድና በአንድ ቁጥር ዋልጌ አደረጓት። ቁጥሯ ደግሞ የኔ ናት።

ናዝራ የነርስነት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የመጨረሻው ፈተና ሰኞ ነው፤ ካመለጣት ዓመቱ በሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው። አው ዐብዱረዛቅ ግን ስልኳን ቀምተው፣ ከቤት እንዳትወጣ፣ ፈተናውም እንዲቀርባት ወሰኑ። ልጅቱ ምላ ተገዝታ ነግራቸዋለች። እናቷ እትዬ መስቱራ ቋንጣ ዘርግተው ነበር፤ ፀጉሬን እያደረቅኩ ቋንጣ እየጠበቅኩ ነበር፣ ሰማይ ላይ ያየሁት ጭላት መስሎኝ ነው፣ እሽ ብዬ ላባርረው ነው እጄን ያነሳሁት አለች። ሐረር ውስጥ ሥጋ ይዞ የሄደ ሰው ሁሉ ጭላት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ ከእጅ ላይ ነው የሚነጥቀው። ሰዉ ግን ሳቀባት። «ዘጠኝ ሜትር ላይ ድሮንና ጭላት የማትለይ፣ ነገ መርፌና ቢላዋ ልትለይልን ነው?» አሏት። ይህን የተናገረችው የገዛ አክስቷ ናት፤ አፏ ይድረቅና!

ቪዲዮው መዞሩን ቀድሜ ብሰማም የናዝራን ነገር የነገሩኝ አባዬ ናቸው፣ ሐሙስ ዕለት ሱቄ መጥተው። አባዬ ዓለሙ የቆርቆሮ ሠራተኛ ናቸው፤ አርባ ዓመት የጀጎልን ጣሪያ ሲጠግኑ ኖረዋል። መሰላል ከመርገጣቸው በፊት «ጣሪያ ልወጣ ነው!» ብለው ይጮሃሉ፣ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በሐረሪ። በየግቢው ያሉት ሴቶች እስኪገቡ ወይም እስኪሸፈኑ ይጠብቃሉ። ከግንቡ ማዶ «ውጣ» የሚል ድምፅ ካልመጣ ግማሽ ቀንም ቢሆን መሰላሉ ሥር ቁጭ ይላሉ። ክርስቲያኑ ዓለሙ በእያንዳንዱ ሙስሊም ቤት ጣሪያ ላይ እንደ ልባቸው የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

«ቅዳሜ ከሰዓት አው ዐብዱረዛቅ ቤት ሽማግሌ ይቀመጣል» አሉኝ። «ወንድምሽ ድሮኑን ከከተማው በላይ ካለው ከሐኪም ጋራ ነው ያስነሳሁት፣ ዘጠኝ ሜትር አልወረድኩም፣ በላይ በላዩ ነው ያለፍኩት፣ እሷ ናት ስቃ ሰላም ያለችኝ ይላል። ልጄ በእኔ ደንብ ነው ያደገው ብዬ ምዬለታለሁ። ቁጥሩን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ንገሪኝ፣ እውነት ዘጠኝ ነው?»

ያኔ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። ድሮን ከፍታውን የሚቆጥረው ከተነሳበት ቦታ ነው። ሐኪም ጋራ ላይ ሆነህ ካስነሳኸው ዜሮው እዚያ ነው፤ ጀጎል ደግሞ ታች ነው። የኔ ዘጠኝ ከሐኪም ጋራ በላይ ዘጠኝ እንጂ ከናዝራ ራስ በላይ ዘጠኝ አይደለም! ስንት ዓመት ቁጥር ስለጥፍ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ደንቆሮ! ብዬ ራሴን ሰደብኩ፣ አባዬ ፊት ጮክ ብዬ።

«አባዬ ዘጠኝ አይደለም። ቅዳሜ ትክክለኛውን ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ አሁንም ያንገበግበኛል።

ወዲያው ኤልሳዕን ደውዬ ያልተቆረጠውን ቪዲዮ አምጣ አልኩት። «ሰርዤዋለሁ» አለኝ። ሜሞሪውንስ? «ባዶ ነው፣ ምን ያደርግልሻል?» አለ። ድሮኑን የሚያስቀምጥበት ቦርሳ ሱቄ ስለነበር ራሴው ከፍቼ ሜሞሪውን አወጣሁ። እውነቱን ነው፣ ቪዲዮ የለም። ነገር ግን ድሮኑ ሲቀርጽ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ ጎን ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፤ ከፍታው፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ካሜራው ስንት እጥፍ እንዳቀረበ፣ በየሰከንዱ ተጽፎ። እኔ ቁጥሮቹን የምለጥፈው ከዚያ ነው። ኤልሳዕ ቪዲዮውን ሲሰርዝ ጽሑፉን ረስቶታል። የሱ ሥራ ማብረር ነው፣ ይህን ፋይል ከፍቶም አያውቅ።

መጀመሪያ ከፍታውን አሰላሁ። ፋይሉ ከባሕር ወለል በላይ ያለውንም ከፍታ ይጽፋል። የአው ዐብዱረዛቅ ሰፈር ያለበትን ከፍታ ቀነስኩለት። መቶ ዘጠኝ ሜትር። እሰይ! ብዬ ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁ። ወንድሜ ነፃ ነው፣ አባዬም አላፈሩም! ከመቶ ዘጠኝ ሜትር ላይ ሰው ነጥብ ነው፤ ድሮኑም ከታች ሲያዩት ጥቁር ነጥብ ነው፣ ድምፁም ለገበያ ሰፈር ጆሮ አይደርስም። ስለ ናዝራ አላሰብኩም፤ ይህን አሁን መደበቅ አልፈልግም። ያሰብኩት የእኛን ቤት ብቻ ነው።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ቀሪውን ማንበብ ጀመርኩ፤ ምነው እጄን በሰበረው!

ሰው ነጥብ ከሆነ የናዝራ ጥርስ እንዴት ታየ? ዙሙ አንድ ነበር፣ ከዚያ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ሰባት ላይ ቆመ። ቦታውም አልተንቀሳቀሰም፤ የጂፒኤሱ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ያው ነው። አራት ደቂቃ ከአሥራ ስምንት ሰከንድ! «እያለፍኩ ነበር» ያለው ልጅ አራት ደቂቃ ከአሥራ ስምንት ሰከንድ አንድ ግቢ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቆርጦ ያመጣልኝ አራት ሰከንድ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ ናዝራ ቀና ያለችው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

ፋይሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ሠርጉ ቅዳሜ ነበር። የዋዜማው የዓርብም ፋይል አለ፣ የሐሙስም አለ። ያው ግቢ፣ ያው ዙም፣ ያው ከረፋዱ አራት ሰዓት። ሐሙስና ዓርብ የማን ሠርግ ነበር?

ኤልሳዕ ሲመጣ ምንም ሳልናገር ላፕቶፑን አዞርኩለት። አነበበ። ፊቱ ሲቀላ አየሁና ይቅርታ ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ከፍታውን ብቻ ለጥፊ» አለኝ።

«ምን?»

«ከፍታውን ብቻ። ዙሙንና ቀኑን ማን ጠየቀሽ? እነሱ የተጣሉት ስለ ዘጠኝ ሜትር ነው፣ መቶ ዘጠኝ መሆኑን አሳዪያቸው፣ አለቀ።»

እውነቱን ነው፣ ቀላል ነበር። የምሠራበት ፕሮግራም ላይ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ ከፍታ፣ ፍጥነት፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ዙም፣ ቦታ። የፈለግከው ላይ ምልክት ታደርጋለህ፣ ያልፈለግከውን ታነሳለህ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምሠራው፤ ሙሽሮች ፍጥነትና ከፍታ እንጂ ዙም አይጠይቁም።

«እሷ ሳቀችልኝ ብለሃል እኮ! ለአባዬ፣ ለሽማግሌዎቹ፣ ሰላም አለችኝ ብለሃል!»

«የመሰለኝን ነው የተናገርኩት።»

«ጭላት ልታባርር ነው እጇን ያነሳችው፣ አንተ ዓይነ ደረቅ!»

«ምን ነካኋት ጽጌ? ውበት ነው የቀረጽኩት። አልነካኋት፣ አላነጋገርኳት። አሁን ይህን ብታወጪ የሚዋረዱት አባዬ ናቸው። እሷ ነገ ትረሳዋለች።»

ነገ ትረሳዋለች! ጆሮ ማዳመጫውን አንስቼ ወረወርኩበት፤ ሳተው፣ ግድግዳው ላይ ተሰበረ። ባይስተው ደስ ይለኝ ነበር። ውጣልኝ ብዬ ስጮህ ረዳቶቹ ሁሉ ዞረው አዩን። እየወጣም «አባዬን አስቢ» አለኝ። አባዬን አሰብኩ። ዓርብን በሙሉ ሳስባቸው ዋልኩ። ከዚያ ሳጥኖቹ ሁሉ ላይ፣ አንድም ሳላስቀር፣ ምልክት አደረግኩ። ምስል ስለሌለ ቁጥሮቹን በጥቁር ላይ ለጠፍኳቸው።

ቅዳሜ አው ዐብዱረዛቅ ቤት ገባን። ሽማግሌዎቹ ነደባው ላይ፣ በዚያ ምንጣፍ በተነጠፈበት ደረጃ ደረጃ ባለው መቀመጫ ላይ፣ እንደየዕድሜያቸው ተቀምጠዋል። ከሁሉ በላይ አው ሙሜ ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ነው። አባዬ ከአው ዐብዱረዛቅ ጎን፣ ኤልሳዕ በሩ አጠገብ። እትዬ መስቱራና ናዝራ ጓዳ ናቸው፤ በመጋረጃው ሥር አራት እግር ይታየኛል።

ላፕቶፑን ቲቪው ላይ ሰካሁ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ጥጉ ላይ ነጭ ቁጥሮች መሮጥ ጀመሩ።

«ምስሉ የታለ ልጄ?» አሉ አው ሙሜ።

«ምስሉን ወንድሜ ሰርዞታል አው ሙሜ። ቢኖርም እዚህ አላሳይዎትም ነበር። የሚያዩት ቁጥሩን ነው።»

መጀመሪያ ጥፋቴን ተናገርኩ። ያቺ ዘጠኝ ከሐኪም ጋራ የተቆጠረች መሆኗን፣ ሳላስብ የለጠፍኳት እኔ መሆኔን፣ ከግቢው በላይ እውነተኛው ከፍታ መቶ ዘጠኝ ሜትር መሆኑን። «እዚያ ላይ ያለ ድሮን ድምፁ አይሰማም። ጭላት ነው የሚመስለው። እኔም ብሆን ቋንጣዬን እሰበስባለሁ» አልኩ።

«ሱብሃነላህ» አሉ አው ሙሜ። የአው ዐብዱረዛቅ መቁጠሪያ ቆመ። ኤልሳዕ «እኔስ ምን አልኳችሁ!» አለ። አባዬ ፈገግ አሉ። ያችን ፈገግታ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

«ሁለተኛው ቁጥር ዙም ነው» አልኩ። «ካሜራው ስንት እጥፍ እንዳቀረበ ይናገራል። አንድ የነበረው አሁን ሰባት ሆነ፣ ይመልከቱ። ሦስተኛው ቦታው ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚቀየር ይቁጠሩልኝ።»

አልተቀየረም። አንድ ደቂቃ አለፈ። ጥቁር ስክሪን፣ ሰባት፣ ያው ቦታ። ሁለት ደቂቃ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። አራት ደቂቃ ትንሽ ነው የምትሉ፣ ሰው እያፈረ ሲቀመጥባት እዩዋት።

«ገባቸው እኮ፣ ይበቃል!» አለ ኤልሳዕ።

«አይበቃም! አንተ ስታይ አልበቃህም!» ብዬ ጮህኩበት። በሽማግሌ ፊት መጮህ ነውር ነው፣ አውቃለሁ። አንድም ሰው አልቆጣኝም።

አራት ደቂቃ ከአሥራ ስምንቱ ሲያልቅ የዓርቡን ከፈትኩ፣ ከዚያ የሐሙሱን። ቀኑን ጮክ ብዬ አነበብኩት።

አባዬ ወደ በሩ ዞሩ። «ሦስት ቀን?» አሉ።

ኤልሳዕ መሬት መሬቱን አየ።

«እየጠየቅኩህ ነው። ሦስት ቀን?»

«አዎ» አለ።

አባዬ ከነደባው ወረዱና አው ዐብዱረዛቅ እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። አው ዐብዱረዛቅ ግን በትከሻቸው ያዟቸው። «አንተ አይደለህም ዓለሙ፣ አንተ አይደለህም ወላሂ» አሉ። እሳቸውም አለቀሱ፣ አባዬም አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም፤ ንዴቱ ዓይኔን አድርቆት ነበር።

አው ሙሜ ፍርዱን ተናገሩ። ኤልሳዕ ከእንግዲህ ጀጎል ላይ አያበርርም። ስለ ልጅቱ የተናገረው ሐሰት መሆኑን ደግሞ እዚያው ቆሞ በገዛ አፉ ይናገራል። ተናገረ። «አላየችኝም፣ አልሳቀችልኝም፣ ሰላምም አላለችኝም፣ ዋሽቼ ነው» ሲል ድምፁ አይሰማም ነበር። «አልሰማሁህም» አሉት እትዬ መስቱራ ከመጋረጃው ኋላ። ደገመው። «አሁንም አልሰማሁህም።» ሦስት ጊዜ አስደገሙት። እሰይ፣ አፋቸው ይባረክ!

አው ዐብዱረዛቅ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ ጓዳው ተጣሩ። «ናዝራ ልጄ፣ ሰኞ እኔ ራሴ ወስጄ ፈተናሽ ላይ አደርስሻለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ገመዴን እየጠቀለልኩ ወደ ኋላ ቀረሁ። ናዝራ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሻሿን እስከ ግንባሯ አውርዳ አስራለች፣ ከስታለች፣ በቪዲዮው ላይ ያየኋት ልጅ አትመስልም። ልክ ልኩን ልናገር፤ ምስጋና ጠብቄ ነበር። ወንድሜን አዋርጄ፣ አባቴን አስለቅሼ፣ ቢያንስ አንድ እግዜር ይስጥልኝ ይገባኛል ብዬ ነበር።

«አሥራ አንድ ቀን ነገርኳቸው» አለችኝ። አልጮኸችም፤ ከኔ ጩኸት ይልቅ የሷ ዝግታ ያስፈራል። «አልሰማሁትም አልኩ። ጭላት መሰለኝ አልኩ። ቁርአን ይዤ ልማል አልኩ። አባቴ ከኔ ጋር እህል መቅመስ ተወ። ዛሬ ቲቪ ላይ የተጻፈ ቁጥር አየና አለቀሰ። እኔ ስናገር የት ነበር እንባው?»

ገመዱን ያዝኩ።

«አንቺስ?» አለችኝ። «ሱቅሽ ከዚህ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰምተሻል። አንድ ቀን መጥተሽ ጠየቅሽኝ?»

«አልጠየቅኩሽም።»

«ያንን ፋይል የከፈትሽው ለኔ ብለሽ ነው?»

ለመዋሸት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗን ሳይ ግን አልቻልኩም። «አይደለም» አልኳት። «ወንድሜን ነፃ ላወጣ ብዬ ነው።»

«እንግዲያው አላመሰግንሽም» አለችኝና ልታጠና ገባች። እውነቷን ነው።